ሀብትነሽ ያስተካከለችው ሰዓት

ጋሽ ክንፈሚካኤል ከበሩ ውጭ ከተቀመጡ ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው። አሥራ አራት ዓመት የጠበቁትን የብረት በር አሁን ከመንገዱ ማዶ፣ ጋሪዎች ከሚቆሙበት አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ያዩታል። የዘበኛ ካፖርታቸውን አላወለቁም፤ መልሱ ያላቸውም የለም። ጠዋት ሠራተኛው ሲገባ ብድግ ይላሉ፤ ማታ ሲወጣም ብድግ ይላሉ። ሰላምታቸውን የሚመልሰው ሰው ግን በየቀኑ እየሳሳ ሄዷል። ፍኖተ ሰላም ትንሽ ከተማ ናት። አንድ ሰው ላይ "ሌባ" የሚል ወረቀት ከተጻፈ፣ ወረቀቱን ሳያነብ የሚያምን ብዙ ነው።

ሀብትነሽ በየጠዋቱ በዚያ ድንጋይ ፊት ማለፍ አለባት።

"እንዴት አደርሽ ልጀ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን ጋሽ ክንፌ። እርስዎስ እንዴት አደሩ?"

"አለን። ሐሙስ ነው አሉ አይደል ስብሰባው?"

"ሐሙስ ነው።"

"ደግ። ሐሙስ ያልቃላ።"

ሐሙስ ምን እንደሚያልቅ አያውቁም። እሷ ታውቃለች፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴውን ወረቀት የምትተይበው እሷ ናት። "ከሥራ ይሰናበት፤ ጉዳዩም ለፖሊስ ይተላለፍ" የሚለውን የውሳኔ ሐሳብ ስብሰባው ሳይደረግ ጽፋ አስቀምጣዋለች። ለሐሙስ የቀረው እጅ ማውጣት ብቻ ነው። በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር፣ ሌሊት የመሥሪያ ቤት ቁልፍ ከፍቶ ገባ የተባለ፣ በዚያ ላይ "ሁለት ስም አለው" የተባለ ሰው ለፖሊስ ሲተላለፍ ምን እንደሚከተለው ለፍኖተ ሰላም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ድርጅቱ የምርጥ ዘር ድርጅት ነው። መጋዘኑ ቡሬ፣ ቢሮው ፍኖተ ሰላም ነው። ለየወረዳው ገበሬ የበቆሎ ዘር በስም ዝርዝር ያከፋፍላል። ስሙ ዝርዝሩ ላይ ያለ ይወስዳል፤ የሌለ አህያውን ይዞ ይመለሳል። ዝርዝሩ ያለው ደግሞ ሀብትነሽ ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

ያንን ኮምፒውተር የምታውቀው ገና በላስቲክ ተጠቅልሎ እያለ ነው። ከቡሬ ገጠር መጥታ፣ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ፣ ጽሕፈት ተምራ ስትቀጠር ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላውም፤ ልጇ ሰብሊ አራት ዓመቷ ነበር። አለቆቹ ማሽኑን ይፈሩታል፤ አቧራ እንዳይነካው ጨርቅ ያለብሱታል እንጂ አይከፍቱትም። እሷ በምሳ ሰዓቷ እየቀረች ነካካችው። አንዴ አበላሽታው ሦስት ቀን ሙሉ ሽንት ቤት እየገባች አለቀሰች፤ በአራተኛው ቀን ራሷ አስነሳችው። አንድም ሰው "እንዲህ ነው" ብሎ አላሳያትም። ዛሬ ሰብሊ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ያ ማሽን አባት ሆኖ አሳደጋት ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የሰዓቱ ነገር የመጣው ከአምስት ዓመት በፊት ነው።

ገበሬ ተመዝግቦ ሲያበቃ ማሽኑ ትንሽ የቀጠሮ ወረቀት ያትምለታል። ፕሮግራሙ የተመዘገበበትን ሰዓት ይወስድና "ከሳምንት በኋላ፣ በዚሁ ሰዓት" ብሎ ይጽፋል። የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። አያ ደረሰ የሚባሉ የሰከላ ገበሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተመዘገቡ፤ ወረቀታቸው 09:00 አለ። ሰውየው በሳምንቱ ከግሽ ዓባይ ማዶ ተነሥተው፣ አድረው፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከነአህያቸው ከበሩ ደረሱ። እደላው ጠዋት ተጀምሮ ቀትር ላይ አልቋል። መኪናው ወደ ቡሬ ተመልሷል።

"ዘጠኝ ሰዓት ይላል እኮ ልጀ!" አሏት፤ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ዘርግተው። "ዲያቆኑን ሳይቀር አስነብቤዋለሁ።"

ያን ክረምት አያ ደረሰ መሬታቸውን በምን ዘር እንደዘሩት፣ ምን እንዳበቀሉበት አልጠየቀቻቸውም፤ መጠየቁን ፈራችው። በማግስቱ ማሽኑን ስታስነሳ አንዱን ቁልፍ ደጋግመው ሲጫኑት ወደሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ገባችና ሰዓቱን በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለሰችው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ማሽኑም 03:00 ይላል። ቀጠሮ የተዛባበት ገበሬ የለም። ኢንተርኔቱም ከተቋረጠ የቆየ ስለሆነ ከሩቅ መጥቶ ሰዓቱን የሚያርምባት አልነበረም። የሥርጭት ክፍሉ ኃላፊ ስመኘው ያኔ አይቶ፣ "አንች እኮ ሊቅ ነሽ፤ ፈረንጁን ጎጃሜ አደረግሽው!" ብሎ ስቆ ነበር።

ይህን ሳቁን ልብ ይሏል።

በዘንድሮው የሚያዝያ ማለቂያ ይኸው ስመኘው ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። "ነገ ልደታ ናት። ሂጅ ተሳለሚ፣ ከጎረቤቶችሽ ጋርም ቅመሽ። የመግቢያ ፊርማሽን እኔ እጥላታለሁ፤ አትቸኩይ" አላት።

በዚህ ቢሮ በንግሥ ቀን አንዱ ለሌላው መፈረም ወንጀል ሆኖ አያውቅም። የሚካኤል ቀን ለሚካኤል ዝክር አውጪ፣ የማርያም ቀን ለማርያም ማኅበርተኛ ይፈረምለታል። ሰው ሁሉ ደግነት ነው ይለዋል። ደግነት ነው ወይስ ስንፍና ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሀብትነሽም አልጠየቀችም። ግንቦት ልደታ ተሳልማ፣ ከደጅ ከሰፈሩ ጋር ንፍሮ ቀምሳ፣ አራት ሰዓት ሲሆን ገባች። ለጋሽ ክንፈሚካኤል በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ንፍሮ አመጣችላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ተሳለሙት። ከዚያ የበሩን መዝገብ ገለጡና ከስሟ ፊት "2:25" ብለው ጻፉ።

"ጋሽ ክንፌ፣ አራት ሰዓት ነው እኮ!"

"የድንግልን ንፍሮ አብልተሽኝ አረፈደች ብዬ ልጻፍ? ግቢ ወዲያ!"

ሁለቱም ሳቁ። የሳቁት የመጨረሻ ሳቅ እሱ ነው።

በአሥረኛው ቀን አርባ ሦስት የሰከላ ገበሬዎች ለእደላው መጡ። የአንዳቸውም ስም አልነበረም። በስማቸው ቦታ የትኛውም ቀበሌ የማያውቃቸው አርባ ሦስት ስሞች ገብተዋል፤ ዘሩንም ቀድሞ የነጋዴ መኪና ወስዶታል። ገበሬ ዝናቡ እየጣለ ዘር ሲያጣ ምን እንደሚሆን ከተማ የተወለደ ሰው አይገባውም። አንዳንዶቹ ጮኹ። አንዳንዶቹ ደግሞ ዝም ብለው መሬት መሬት አዩ፤ ሀብትነሽን እንቅልፍ የነሷት ዝም ያሉት ናቸው።

ዋናው መሥሪያ ቤት ደነገጠና ከአዲስ አበባ አጣሪ ቀጠረ። ሥራው የድርጅቶችን ጥበቃ መፈተሽ፣ የሠራተኛን የኋላ ታሪክ ማጣራት፣ ኮምፒውተር ውስጥ የተደበቀ ማስረጃ ማውጣት ነው። አንዷለም የሚባል፣ ጫማው አቧራ የማይወድ ወጣት ሰው ጥቁር ቦርሳ ይዞ መጣ። ማሽኑን ፈታ፣ ዲስኩን አወጣ፣ በብልጭልጭ ከረጢት አሸገው።

"ላስነሳልህ?" አለችው ሀብትነሽ። "መጀመሪያ ሲሠራ ብታየው..."

"እንዳይነካ! ማስረጃ ነው" አላት።

አልጠየቃትም። አምስት ዓመት ሰዓቱን የምታዘው ሰው ክንዱን ልትነካው በምትችልበት ርቀት ቆማለች፤ እሱ ግን ማሽኑን እንጂ ሰው ሊጠይቅ አልመጣም። ዲስኩን ይዞ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ሠላሳ ገጽ ሪፖርት ላከ።

ሪፖርቱ እንዲህ ይላል፦ ዝርዝሩ የተቀየረው ግንቦት አንድ ቀን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከአርባ ሰባት ደቂቃ ላይ፣ በሀብትነሽ ስም ተገብቶ ነው። በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ከተረኛው ዘበኛ በቀር ሰው አልነበረም። ዘበኛው የቢሮ ቁልፍ አለው። የሀብትነሽ ፓስወርድ ጠረጴዛዋ መስታወት ሥር በወረቀት ተጽፎ ተገኝቷል። "ግለሰቧ በቸልተኝነት ማስጠንቀቂያ ይሰጣት።" ቀጥሎ የኋላ ታሪክ የሚል ምዕራፍ አለ። የትውልድ አገራቸው የፈረስ ቤት ቀበሌ "ክንፈሚካኤል የሚባል ነዋሪ አላውቅም፤ የማውቀው ሸጋዬ የሚባል ነው" ብሎ ጽፏል። "ተጠርጣሪው በሁለት ስም የሚንቀሳቀስ መሆኑ ተረጋግጧል።"

ተረጋግጧል! ሰውየው እናታቸው ሸጋዬ ያሏቸው፣ ልጅ ሆነው ለቅኔ ትምህርት ከደብር ደብር ሲዞሩ በክርስትና ስማቸው ክንፈሚካኤል ተብለው የቀሩ ናቸው። በጎጃም እንዲህ ያለው ሰው ቢቆጠር አያልቅም። ይህን ለማወቅ ማንኛውንም መሪጌታ መጠየቅ ይበቃ ነበር። አጣሪው የጠየቀው ማኅተም ነው፤ ማኅተም ደግሞ የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል።

ሀብትነሽ ሪፖርቱ እንደመጣ አመነችው። እዚህ ላይ እሷን ይቅር ማለት አይገባም። አሥራ አንድ ዓመት ያወቀቻቸውን ሰው በሠላሳ ገጽ ለወጠቻቸው። "ሰው አይታወቅም" አለች በልቧ፤ ለሁለት ቀን ሰላምታቸውን እንኳ አንገቷን ደፍታ ነው የመለሰችው።

ማክሰኞ ለኮሚቴው አባላት ኮፒ ስታነሣ፣ ከሪፖርቱ ጀርባ የተያያዙትን ገጾች ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻቸው። ማሽኑ ራሱ የጻፋቸው ናቸው፤ አማርኛ የለባቸውም። ከአንዱ መስመር ሥር በቢጫ ተሰምሯል። የሷ ስም፣ የግንቦት ልደታ ቀን፣ ከዚያም 02:47።

ወረቀቱን ከኮፒ ማድረጊያው አወጣችው።

አጣሪው 02:47ን በፈረንጅ ቆጠራ አንብቦ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አደረገው፤ ወደ አማርኛ ሲመልሰው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከአርባ ሰባት ሆነ። የሷ ማሽን ግን የሚቆጥረው በአገሩ ሰዓት ነው። 02:47 ማለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአርባ ሰባት ነው። ፀሐይ ወጥታ፣ ቢሮ ተከፍቶ።

ጋሽ ክንፈሚካኤል በዚያ ሰዓት በሩ ላይ ነበሩ። ወንበሯ ላይ የተቀመጠው ሌላ ሰው ነው።

መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ሮጣ ወጥታ ከመንገዱ ማዶ ልትጠራቸው በሩ ድረስ ሄደች። እዚያ ስትደርስ እግሯ ቆመ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአርባ ሰባት ላይ፣ በፊርማው መሠረት፣ ቢሮ ውስጥ ማን ነበረች? ራሷ ናት። ሁለት ተኩል ላይ ፊርማ አለላት። የበሩ መዝገብም 2:25 ይላል። ማሽኑ የሷ፣ ስሙ የሷ፣ ፓስወርዱ የሷ። ሰውየውን ከጉድጓዱ የምታወጣበት ገመድ ከራሷ አንገት ላይ ታስሯል።

ወደ ስመኘው ቢሮ ገባች። ምናልባት "ተሳስተሻል" እንዲላት ፈልጋ ይሆናል።

"አቶ ስመኘው፣ የኔ ማሽን ሰዓት እንዴት እንደሚቆጥር ያውቃሉ አይደል?"

"የምን ሰዓት?" ከወረቀቱ ቀና አላለም።

"ፈረንጁን ጎጃሜ አደረግሽው ያሉኝ ጊዜ።"

ብዕሩን አስቀመጠ። ፈገግ አለ። "ሰብሊ ስንተኛ ክፍል ደረሰች?"

"ዘጠነኛ።"

"ታድላ። ጎበዝ ናት ይላሉ። እናት ያላት ልጅ እኮ ጎበዝ ናት።" ተነሥቶ በሩን ገርበብ አደረገው። "ስሚ ሀብቴ። ሽማግሌው ምን ይሆናሉ? ጥቂት ይጠየቃሉ፣ ማስረጃ ጠፋ ተብሎ ይለቀቃሉ። ሽማግሌ ማን ያሥራል? ወጣት ሲሆን ነው ነገሩ የሚከፋው። በተለይ ፊርማው ቁልጭ ብሎ ሲታይ።"

"የፈረሙልኝ እርስዎ ነዎት።"

"እኔ?" አለ፤ እውነት የገረመው ሰው መሰለ። "ለማን?"

ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ባጃጅ አልያዘችም፤ በእግሯ ሄደች። ሰብሊ ደብተሯን ዘርግታ ትጽፋለች። ሀብትነሽ ነገሩን ነገረቻት፤ ለሌላ የምትነግረው ሰው ስለሌላት። ልጅቷ እስክሪብቶዋን እየነከሰች ሰማቻት።

"እና አንች ምን አደረግሽ እማ?"

"ምንም።"

"ታዲያ ምንም ካላደረግሽ ለምን ትፈሪያለሽ?"

ትምህርት ቤት እንዲህ ብሎ ያስተምራል። ያላጠፋ አይፈራም ይባላል። ይህን ለልጅ የሚያስተምሩ ሰዎች አንድም ቀን በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቆመው አያውቁም።

"እንጀራሽን ብይ" አለቻት።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ክንፈሚካኤል ከድንጋዩ ተነሥተው ጠበቋት። ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል።

"ልጀ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ።"

"ይዘዙኝ።"

"እኔ እንግዲህ የሚሆነው ይሆናል። ያ የበሩ መዝገብ ግን እንዳይጥሉት። አሥራ አራት ዓመት የጻፍኩት ነው። ብራና መስሎኝ ነው የጻፍኩት፤ አንዲት ፊደል አልተሠረዘችበትም። ቢያስፈልግ ለልጅሽ ስጫት፤ እጅ ጽሑፍ ትማርበት።"

ሰውየው የሚለምኗት ስለ ራሳቸው አልነበረም። "አድነኝ" ቢሏት ምናልባት ልቧን ታደነድን ነበር፤ በሰው ልመና ላይ ልብ ማደንደን የቢሮ ሰው የለመደው ነው። ስለ መዝገብ ሲለምኗት ግን ምንም መጠጊያ አላገኘችም።

ስብሰባው ስምንት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሰብሳቢዋ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ ወለተ ሐና ናቸው። ስመኘው አባል ነው። አንዷለምም ዲስኩን ሊመልስ፣ ሪፖርቱንም ሊያስረዳ መጥቷል። ሀብትነሽ ቃለ ጉባኤ ልትይዝ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። አንዷለም "ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከአርባ ሰባት" ሲል እጇን አወጣች። ቃለ ጉባኤ ያዥ እጅ አያወጣም፤ ወይዘሮ ወለተ ሐና ውኃ የጠማት መሰላቸው።

"ሌሊት አይደለም" አለች። ድምፅዋ ቀጠነባት። "ጠዋት ነው። ማሽኑ የሚቆጥረው በኛ ሰዓት ነው። ሰዓቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ።"

ወይዘሮ ወለተ ሐና ወደ አንዷለም ዞሩ።

"የማሽኑ መረጃ በግምት አይስተካከልም" አለ አንዷለም።

"ግምት አይደለም። ማሽኑ እዚያ ጠረጴዛዬ ሥር አለ፤ ላስነሳልህ።"

"ዲስክ የለበትም።"

"ሰዓቱ ዲስኩ ላይ አይደለም። ውስጡ ባለችው ክብ ባትሪ ነው የሚቆጥረው። አንተ ታውቀዋለህ፤ እኔም አውቀዋለሁ።"

ሁሉም ተነሥተው ሄዱ። ማሽኑን አስነሳች፤ ቁልፏን ደጋግማ ተጫነች፤ ሰማያዊው ገጽ መጣ። 08:20 ይላል። አንዷለም ስልኩን አወጣ። የሱ 14:20 ይላል። ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አየው። ዲስኩን ከማውጣቱ በፊት አንዲት ደቂቃ ወስዶ የማሽኑን ሰዓት ከእጅ ሰዓቱ ጋር ቢያስተያይ ኖሮ፣ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ስድስት ቀን ባልተቀመጡ ነበር። በሙያው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው። ይቅርታ ይላል ብላ ጠበቀችው።

"እንግዲህ" አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ግለሰቧ የማሽኑን ሰዓት ያለፈቃድ ማዛባቷን ራሷ አምናለች። ታዲያ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአርባ ሰባት ላይ በስሟ የገባው ማን ነው?"

ወይዘሮ ወለተ ሐና የፊርማውን ወረቀት አስመጡ። ሀብትነሽ፣ ሁለት ተኩል፣ ፊርማ።

"የኔ ፊርማ አይደለም። ልደታ ነበርኩ። የፈረሙልኝ አቶ ስመኘው ናቸው።"

ስመኘው ራሱን ነቀነቀ፤ የታመመ ሰው የሚያይ ይመስላል። "አይ ሀብቴ። እንዲህ ትሆኛለሽ ብዬ አላስብም ነበር።"

"የእጅ ጽሑፉን ከሳቸው ጋር አስተያየው!" አለች ወደ አንዷለም ዞራ።

"የእጅ ጽሑፍ ምርመራ በውላችን ውስጥ የለም።"

"የበሩ መዝገብስ? ማን በስንት ሰዓት እንደገባ ይታይ!"

መዝገቡ መጣ። በእርግጥም አንዲት ፊደል አልተሠረዘችበትም። ግንቦት አንድ፦ አቶ ስመኘው፣ 2:15። ሀብትነሽ፣ 2:25። ሌላው ሠራተኛ ሁሉ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው የገባው፤ የልደታ ቀን ነዋ።

"ይኸው፣ ገብተሻል" አሉ ወይዘሮ ወለተ ሐና፤ ድምፃቸው ውስጥ እንኳ ሐዘን ነበረበት። "የምታምኝው መዝገብ ነው።"

ጋሽ ክንፈሚካኤል ከመንገዱ ማዶ ተጠሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ።

"አባቴ፣ የሌሊቱ ነገር ከእርስዎ ላይ ወርዷል" አሏቸው ሰብሳቢዋ። "አንድ ነገር ብቻ ይመስክሩልን። ሀብትነሽ ልደታ ዕለት የገባችው ስንት ሰዓት ነው? የተጻፈው ሁለት ከሃያ አምስት ይላል።"

ሽማግሌው ገጹን አዩት። ስመኘውን አዩት። "አዎ" ብለው ካፖርታቸውን አስተካክለው ወደ በራቸው መመለስ ይችሉ ነበር፤ በሩ ለስድስት ቀን ነው የናፈቃቸው። ሀብትነሽ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም።

"አራት ሰዓት ነው" አሉ። "ውሸቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ንፍሮ ይዛልኝ መጥታ... የድንግል ቀን አይደል። እሷ አራት ሰዓት ነው ብላኝ ነበር። ሁለት ከሃያ አምስት ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ይህ መዝገብ ሐሰት ነው ማለት ነው?" አለ አንዷለም፤ ብዕሩ ተነሣ።

"የሷ መስመር ነው እንጂ ሌላው እውነት ነው! አቶ ስመኘው ሁለት ከሩብ ገብተዋል፤ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ!"

"አንድ መስመር ሐሰት ከሆነ" አለ አንዷለም ቀስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ፣ "ማስረጃው በሙሉ ተቀባይነት የለውም።"

እንዲህ ሆነ። እውነቱን ስትናገር የሷ ቃል ራሷን ከሰሳት። እውነቱን ሲናገሩ የሳቸው ቃል ስመኘውን የሚያሳይ ብቸኛውን ወረቀት ቀደደው። ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ሊያድኑ ተንጠራሩ፤ በተንጠራሩበት እጅ ለጥፋተኛው በሩን ከፈቱለት። ስብሰባው ውስጥ ካሉት አምስት ሰዎች ይህን ያላየ አልነበረም። ወይዘሮ ወለተ ሐና እንኳ አይተውታል፤ መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጠረጉት። ግን በወረቀት የያዙት ነገር አልነበረም፤ ዓይናቸውን ደግሞ ከቃለ ጉባኤ ጋር ማያያዝ አይቻልም።

ተወሰነ። ዘበኛው በሐሰተኛ መዝገብ ከሥራ ይሰናበት። ሀብትነሽ ከሥራ ታግዳ ጉዳይዋ ለፖሊስ ይተላለፍ። አቶ ስመኘውን በተመለከተ የቀረበ ማስረጃ የለም።

ከዚያ ሁሉም ተያዩ። ቃለ ጉባኤውን የሚተይብ ሌላ ሰው ቢሮው የለውም።

በወይዘሮ ወለተ ሐና ማሽን ተየበችው። አንድ ፊደል አልሳተችም። "ሀብትነሽ" የሚለውን ስም አራት ጊዜ ጻፈችው፤ በአራተኛው ላይ የሌላ ሰው ስም መሰላት። አንዷለም ዲስኩን መልሶ እየገጠመ ነበር። ሳይወጣ በፊት ወደ ሰማያዊው ገጽ ገባና ሰዓቱን "አስተካከለው።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ድንጋዩ ላይ ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ። ምን እንደሚጠብቁ ቢጠየቁ አንዳቸውም አያውቁትም። ሀብትነሽ ቤቷ መዋል አልቻለችም፤ ሰብሊ ከትምህርት ቤት መጥታ ዝም ብላ ስታያት ቤቱ ይጠብባታል። እዚህ ቢያንስ ሥራ አለ። ከበሩ የሚወጣውን ገበሬ ሁሉ ታስቆማለች።

"አያ፣ ወረቀትዎን ያሳዩኝ እስቲ። ይሄ ዘጠኝ ሰዓት አይደለም፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ሦስት ሰዓት ይምጡ፤ እንዳያረፍዱ።"

"አንች እዚህ ትሠሪያለሽ?"

"እሠራ ነበር።"

አንዳንዱ ያምናታል። አንዳንዱ ወረቀቱን መልሶ ያየዋል፤ ማኅተም ያለው ወረቀቱ ነውና ወረቀቱን አምኖ ይሄዳል። ያኔ ጋሽ ክንፈሚካኤል ከኋላው እየተከተሉ በዚያ በደከመ ድምፃቸው "በጧት ነው! በጧት ነው!" ይሉታል፤ ባጃጁ ድምፃቸውን ይውጠዋል።

ሰኞ አንድ ፖሊስ በጋሪ መጣ። ሊጮህባት የፈለገ አይመስልም፤ የዚሁ አገር ልጅ ነው። መጥሪያውን ሰጣት፤ ጋሽ ክንፈሚካኤል ብድግ አሉ። ሀብትነሽ አነበበችው። ስሟ አለ። ነገ፣ በ4:00 ሰዓት እንድትቀርቢ።

"በማን ሰዓት ነው?" አለችው።

"ምን?"

"ይሄ አራት ሰዓት። በማን ሰዓት ነው?"

ፖሊሱ ትቀልድበት እንደሆነ ፊቷን አየው። የምትቀልድ አልመሰለውም፤ አሳዘነችው።

"በኛ ነዋ እቴ" አላት። "በማን ሊሆን ኖሯል?"